በግንብ የተዘጋ ጥላ

ቬልኮ ቤት ሊሠራ ተነሣ። ግንበኛ ብሎ ያመጣው ዶንቾን ነው። ዶንቾ ማለት ከጠዋት ጀምሮ የፕለም አረቄ እየጨለጠ ድንጋይ የሚደረድር ሰውዬ ነው። ግንቡ ሦስት ጊዜ ፈረሰ። መሠረቱ ጭቃ ላይ መሆኑን እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት እንኳ አይቼዋለሁ። እነሱ ግን ተማከሩና "መሬቱ ነፍስ ፈልጎ ነው" አሉ።

የማንን ነፍስ? የሚስትን ነዋ! ወንድ የራሱን ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

ሩሳና የእህቴ ልጅ ናት፣ የቬልኮ ሚስት። የባቄላ ሾርባ ይዛላቸው ስትመጣ ዶንቾ ከኋላዋ አጎንብሶ ጥላዋን በክር ለካ። ክሩን ጠቅልሎ ከግንቡ ሥር ከተተና በድንጋይና በኖራ ደፈነው። እኛ ሮዶፒ ተራራ ላይ ያለን ሰዎች እናውቃለን፤ ጥላው፣ በክር ተለክቶም ቢሆን፣ በግንብ የተዘጋበት ሰው ከአርባ ቀን አያልፍም። ባሏም ያውቃል። እንዲያውም "ቀጥ ብለሽ ቁሚ" ብሏታል።

ግንቡ ቆመ። ሩሳና ተኛች።

በሠላሳኛው ቀን ስሄድ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥላ የላትም። ክንዷን ብነካው ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ።

"አክስቴ፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጭኗል።"

"ተነሽ! ለዚያ ቂል ብለሽ አትሞቺም።"

ደግፌ ወደ ግንቡ ወሰድኳትና ክሩ የተደፈነበትን ድንጋይ በመዶሻ ፈነቀልኩት። ክሩ ይሞቃል፤ እንደ ደም ሥር ይመታል። ወገቧ ላይ ስጠመጥምላት ትንፋሿ ተመለሰ። ግንቡ ግን ይሰነጣጠቅ ጀመር። ቬልኮ እየሮጠ መጣ።

"አንቺ አሮጊት! ቤቴን ልታፈርሺው ነው? መልሺው!"

"ሚስትህ ትሞታለች እኮ።"

"ሚስት ሞልቷል! ይህን ግንብ ማን ደግሞ ይሠራልኛል?"

ይህን እያለ በሁለት እጁ ግንቡን ደግፎ ቆመ። ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች፤ ጥላው እንዳለ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

ሩሳና አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"አክስቴ፣ ኖራው የት ነው?"

"ከበርሜሉ አጠገብ።"

ድንጋዩን መልሳ በገዛ እጇ ደፈነችው።

"ጎሽ! አሁን ገና ልብ ገዛሽ" አላት፣ ቤቱን ያዳነችለት መስሎት።

ከዚያ እጁን ሊያነሳ ሞከረ። አልነሳ አለው። እግሩንም ሞከረ። ፊቱ ኖራ መሰለ።

"ምን አደረጋችሁኝ? ሩሲ! ሩሲዬ!"

"ቀጥ ብለህ ቁም" አለችው።

ርቧት ነበር። ዳቦ ቆረስኩላትና እዚያው አጠገቡ ተቀምጠን በላን።