ድገሚው እማዬ

"አንዴ ብቻ ድገሚው እማዬ! ፀሐዩ ፊትሽ ላይ አልነበረም!"

እናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደፍ ላይ ገና ቀና ሳትል ነው ስልኩን እንደ ደገነ የጮኸባት። ይህንኑ ደፍ ለቪዲዮው ሲባል ስትስም ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ታላቅ እህቱ የእናቷን ሸራ ጫማ በብብቷ ሸጉጣ ከጎን ቆማለች። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደምና መግል ስታጥብ ያልተጸየፈች ሴት፣ አሁን ድንጋዩን ማየት ቀፈፋት። ድንጋዩ ከስንቱ ከንፈርና መዳፍ በተረፈ ወዝ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የእናቷ ደረቅ ከንፈር ተሰንጥቆ እዚያ ወዝ ላይ የደም ነጥብ ትቷል።

ወንድሟ ከኪሱ ሶፍት መዘዘና ድንጋዩን ጠረገ። የእናቱን ከንፈር አልጠረገም።

"የእናትህ ደም እኮ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ እትዬ። ቪዲዮው ላይ ያስጠላል ብዬ ነው።"

እናታቸው ትንፍሽ አላለችም። ዝምታዋ የስለት ነው። አምና ይኸው ልጅ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱ በተፈነከተ ጊዜ፣ ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ተንበርክካ፣ "ልጄን ካተረፍክልኝ ሦስቱን ቅዱሳን ቦታዎች እሳለማለሁ፤ ከቤቴ ወጥቼ የሦስተኛውን ደፍ እስክስም ድረስ ቃል ከአፌ አይወጣም" ብላ ተሳለች። ልጁ ተረፈ። ተርፎም ወደ ስልክ መሸጫ ሱቁ ተመለሰና "የእናቴ ስለት" እያለ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመረ፤ አርባ ሺህ ተከታይ አፈራ። ይኸው ከቤት ከወጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ የሷን ዝምታ እሱ እያወራ ይሞላዋል። "እማዬ በጣም ደስ ብሏታል!" ይላል ለስልኩ፣ የሴትዮዋ እግር እንደ ዳቦ አብጦ።

እህቱ ራሷንም ተጸየፈች። ትናንት ጥላ ይዛ ብርሃን ያስተካከለችለት እሷ አይደለችም እንዴ? የእናቷን ሻሽ "ለካሜራው" ብላ ያቃናችው እሷው ናት።

ወደ ሦስተኛው ቦታ ሲጓዙ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ወንድሟ የተጠበሰ ዶሮ በላና በዚያው ቅባታም ጣቱ የእናቱን አገጭ ያዘ።

"ስሚኝ እማዬ፣ የመጀመሪያ ቃልሽ 'ልጄን ስለሰጠኸኝ ተመስገን' ይሁን። ጮክ ብለሽ። ስሜን እንዳትረሺ!"

እናቱ አገጯ ላይ የቀረውን ቅባት በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ለእግዚአብሔር የምትለውን አንተ ነህ የምታስጠናት?" አለች እህቱ።

"ምን ክፋት አለው? ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!"

"የምን ሰው?"

"ሰው ነዋ! አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካብጃለሽ።"

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ላይ ነው። ደረጃውን እናታቸውን ደግፈው ወጡ። እህቲቱ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጫማ አወለቀች፤ ካልሲው ተረከዟ ቁስል ላይ ተጣብቆ በስንት መከራ ለቀቀ። ወንድሟ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

"አሁን እኔም ልግባበት። ቀዩን ተጫኚ። እኔን መሃል አድርጊኝ።"

ከዚያ ከኪሱ የፀበል ጠርሙስ አውጥቶ ከፈተና ሁለቱ ዓይኖቹ ሥር ጠብ ጠብ አደረገ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"እንባ ይመስላል። ፀበል ስለሆነ ምንም አይደለም።"

እህቱ ስልኩን አነሳች። ወንድሟ ፊቱን አጨማድዶ መሃሉን ሞልቶታል፤ ከእናቷ የሚታየው ግማሽ ትከሻ ብቻ ነው። አውራ ጣቷ ቀዩ ላይ ደረሰ። አልተጫነችውም።

እናቷ ደፉን ሳመች። ከንፈሯን ሳታነሳ ረጅም ነገር አንሾካሾከች፤ ምን እንዳለች ግን ማንም አልሰማም። ስትነሳ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። እህቲቱ በሦስት ቀን ውስጥ የእናቷን ፊት እንዲህ ሆኖ አላየችውም።

"ተቀዳ?" አለ ወንድሟ፣ ፀበሉ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ።

"አልቀዳሁትም።"

"ምን?! በእናትሽ! የሦስት ቀን ልፋት ገደል ከተትሽው እኮ!" ፀጉሩን ነጨ። ወዲያው ግን ወደ እናቱ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ። "ግድ የለም፣ ድገሚው እማዬ። አሁን ገና የደረስሽ አስመስለሽ። ቃሉን እንዳትረሺው፣ እሺ?"

እናቱ አየችው። በር ላይ ተንበርክካ የለመነችለት ልጅ ነው።

"እሺ የኔ ልጅ" አለች። በሦስት ቀን ውስጥ ልጆቿ የሰሙት የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው። ጉልበቷን ይዛ እንደገና ማጎንበስ ጀመረች።

እህቲቱ ስልኩን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና እናቷን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ከፊቷ በርከክ ብላ ያበጠውን እግር ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ጫማውንም ቀስ ብላ አጠለቀችላት።

"እትዬ! ምን እያደረግሽ ነው? በጫማ አይሳለሙም እኮ!"

"አውቃለሁ" አለችና ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።