የመሪው ስም

ሎሬና በቤተ መዛግብቱ የንባብ ክፍል የአንድ የመቶ አለቃ ሰነዶች ያሉበትን የመጨረሻ ሣጥን ከፈተች። ሙዚየሙ የቅድመ አያቷን አጽም የሚመልሰው ስሙ በጽሑፍ ከተገኘ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ስሙን አያውቀውም፤ በሕዝባቸው፣ ፓዩት በሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ፣ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ቅድመ አያቷ የኔቫዳን በረሃ መርቶ ያሻገረው ይህ አሳሽ የመቶ አለቃ ግን የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር።

የወንድሟ ልጅ ዴልበርት ያነብላት ነበር።

«እዚህም ‹መሪው ውሃ አገኘ› ነው የሚለው፣ አክስቴ።»

«ቀጥል።»

«‹ሳሊ አነከሰች። ዱክ ሣር አልበላም አለ።› በቅሎዎቹ ናቸው። አሥራ አንዱንም በየስማቸው ጽፏቸዋል።»

«ቅድመ አያቴም በቅሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይዘነው ቤት እንገባ ነበር» አለች።

ዴልበርት ሊስቅ ብሎ ተወው። ጥቂት ገጾች ገለጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ።

«‹መሪው ዛሬ ጠዋት በትኩሳት ሞተ። ቀበርነው። ሳሊ ተሽሏታል።›»

ከዚያ ወዲያ ያለው ስለ ዝናብ ነበር፤ ቀጥሎም ባዶ ገጾች።

ሎሬና የሙዚየሙን ቅጽ ከቦርሳዋ አወጣች። ‹የሟች ስም› ከሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዋን አሳረፈች። ከዚያም ቅጹን ባዶውን እንዳለ አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችውና ሣጥኑን ከደነችው።