በእኔ እጅ ልክ

ጃንዋሪ ሲገባ ዝቅተኛው ደመወዝ በጥቂት ሳንቲሞች ጨመረ። በዚያው ሳምንት የምናጥፈው ፎጣም ጨመረ።

የምንሠራው አውሮራ ከተማ፣ ከቻምበርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዴንቨር ይገባል፤ እዚያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከእኛ በአራት ዶላር ገደማ ይበልጣል። ድርጅታችንም ድሮ እዚያ ነበር። የዴንቨር ደመወዝ ከፍ ሲል ማሽኖቹን ነቅሎ ወደዚህ መጣ። ፎጣዎቹ ግን አሁንም የሚሄዱት ለዴንቨር ሆቴሎች ነው።

በየጠረጴዛችን ፊት ስክሪን አለ። የታጠፈው ፎጣ ከየጠረጴዛችን ተነሥቶ ኮንቬየሩ፣ ተንቀሳቃሹ ቀበቶ፣ ላይ ባረፈ ቁጥር ለዚያ ጠረጴዛ ይቆጥራል። የተወሰነውን ልክ ከሞላን አረንጓዴ ነው፣ ካነስን ቀይ።

ሱፐርቫይዘራችን መስፍን የኛው አገር ልጅ ነው። ሰብስቦ አዲሱን ልክ ሲነግረን ዓይናችንን አላየም።

“ሬቱ በሰዓት ሁለት መቶ ሆኗል” አለ። “ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም። ሰው የሚሠራው ነው።”

“የትኛው ሰው?” አለች ሄራን፣ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ። “ስሙን ንገረንና ሄዶ ንስሐ ይግባ።”

ሁሉም ሳቀ። መስፍን ወደ እኔ ዞረ።

“አፀደ ናት። ያለፈው ዓመት አማካይዋ ነው።”

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እጄ ፈጥኗል። ሲፈጥን ሌላ ነገር አላስብም። ይህ ግን በስብሰባ መሀል የሚነገር ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር፣ አንድ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ሠርቶልን ነበር። አንዱ ሠራተኛው የሚያመርተው፣ ሌላው የሚከፈለው ነው፤ ጎን ለጎን ይወጣሉ። እዚህ በሠራሁባቸው ዓመታት በሰዓት የማጥፈው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደመወዜ ግን ባለፈው መኸር ከገባችው ከሄራን የሚበልጠው በሳንቲም ነው። በየጃንዋሪው የታችኛው ደመወዝ ከፍ እያለ ወደ እኔ ይጠጋል፤ እኔ ካለሁበት አልንቀሳቀስም።

ከጎኔ የሚቆሙት እትዬ ዓለምነሽ ናቸው። ስድሳ አምስትን አልፈዋል። እዚህ አገር ጡረታ ለማግኘት አሥር ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፤ ለእሳቸው የቀራቸው ከዓመት ያነሰ ነው። በዚህ ዕድሜ ሌላ የሚቀጥራቸው እንደሌለ ደግሞ ዞረው ሞክረው አይተውታል። አዲሱ ልክ ከወጣ ጀምሮ ስክሪናቸው ቀይ ሆነ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀይ የሆነ ሰው ይሰናበታል ተብሏል።

ልኩ ይቀንስ እንደሆነ ብዬ መጀመሪያ የሞከርኩት መዘግየት ነው። አንዱን ፎጣ አጥፌ እፈታና እንደገና አጥፈው ነበር። መስፍን መጣ።

“አሞሻል እንዴ?”

“ደህና ነኝ።”

“እህቴ፣ የተያዘው የአምናው ነው። ብትዘገዪ ያንቺ ስክሪን ቀይ ይሆናል እንጂ የእትዬ ዓለምነሽ አረንጓዴ አይሆንም።”

እጄ ሲዘገይ ደግሞ ባለቤቴ ያረፈበት ሆስፒታል ኮሪደር ፊቴ ይመጣል። ወደ ፍጥነቴ ተመለስኩ።

ታላቅ ሰው ሸክም ይዞ ሲያዩ ተቀብሎ መያዝ ያደግንበት ነገር ነው። ያጠፍኩትን ክምር ወደ እትዬ ዓለምነሽ ጠረጴዛ ገፋ አደረግሁት።

“ይኼ የኔ አይደለም” አሉኝ።

“ቦታ ጠቦኝ ነው፣ እትዬ።”

“ጠረጴዛሽ እኮ ሜዳ ነው።”

ክምሩን በእጃቸው አስተካክለው ኮንቬየሩ ላይ ጫኑት። ሄራን ከማዶ አይታን ነበር። በማግሥቱ የራሷን እቅፍ ሙሉ ይዛ መጣች። “እኔም አሥራቴን ላውጣ” አለች፤ እሳቸውም ሳቃቸውን በአንድ ፎጣ ሸፈኑት። እንዳይጎድልባቸው ብለን ሁልጊዜ ትርፍ እንሰጣቸው ነበር። የወሩን መጨረሻ አረንጓዴ ሆነው አለፉ።

በተከታዩ ሰኞ መስፍን እንደገና ሰበሰበን። ሥራ አስኪያጁም አብሮት መጥቶ ነበር፤ ለእትዬ ዓለምነሽ አጨበጨበላቸው። ከዚያ ረዘም አድርጎ ተናገረ። መስፍን ተረጎመልን።

“እትዬ ዓለምነሽ በዚህ ዕድሜያቸው ከሁለት መቶ ካለፉ፣ ሬቱ ቀላል ነው ማለት ነው ይላል። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት መቶ ሃያ ነው።”

እውነቱን ብናገር ወዲያው የሚባረሩት እሳቸው ናቸው። ዝም አልኩ። ዝም በማለቴም ሁለት መቶ ሃያው በሁላችንም ላይ ጸና።

ሄራን ለራሷ መሙላት አቃታትና ስክሪኗ አልፎ አልፎ ቀይ ይሆን ጀመር። የኔም እጅ ለሁለት ሰው አልበቃ አለ። ያም ሆኖ መግፋቴን አልተውኩም። በምሳ ሰዓት እትዬ ዓለምነሽ አጠገቤ ተቀመጡ።

“በቃሽ፣ ልጄ። አሁን እኮ ያቺንም ልጅ ይዣት መውደቄ ነው።”

“የቀረዎት ጥቂት ወር ነው። እኔ እጨምራለሁ።”

“በምንሽ? ሦስተኛ እጅ አበቀልሽ?”

“መስፍንን ላነጋግረው።”

“መስፍን ምን ያድርግ? እሱንም የሚቆጥረው አለ።” ምሳቸውን ሳይጨርሱ ዕቃውን ከደኑት። “አስቀድሜ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት።”

ከሰዓት በኋላ የገፋሁላቸውን ሁሉ መልሰው ወደ እኔ ገፉት። እኔ ገፋሁ፣ እሳቸው መለሱ። ጥቂት ቀን እንዲሁ ሆነን ሰነበትን፤ ስክሪናቸው ግን ከቀይ አልወጣም።

የወሩ መጨረሻ ዓርብ ዕለት መስፍን መጣና ጠረጴዛቸው ጥግ ቆመ። “እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አላቸው። “አንተ ምን አደረግህ” አሉትና ሽርጣቸውን ፈቱ። እኔን ጉንጬን ስመው ወጡ። ልሸኛቸው ብዬ አንድ እርምጃ ተራመድኩ፤ ከኋላዬ ፎጣው ይከመር ጀመር። ተመለስኩ።

የቀኑን ሥራ ስንጨርስ ስክሪኔን አየሁት። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያን ያህል አጥፌ አላውቅም።