ሊኑክስ የተጫነ ቀን

አራሚው ሳያጣራ የሠራው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማተሚያ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ከቤት ሲወጣ እንኳ በሩን ይቆልፍና ጥቂት ሄድ ብሎ ይመለሳል፤ እጀታውን ነቅነቅ አድርጎ ካላየ እግሩ አይሄድለትም። ሚስቱ በዚህ አመሉ ስትስቅበት ኖራለች። "እኔን ስታገባ እንኳ ስሜን ደግመህ አጣርተህ ነው" ትለዋለች።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋ ግን በይበልጥ ቆረጣው ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጠመኔ ጫር ጫር ታደርግና መቀሱን ስትለቅበት እጇ ወለም ዘለም አይልም ነበር። ከእሷ ተምረው የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ከዚያ በሽታው መጣ። መጀመሪያ መቀሱ ከበዳት፤ ቀጥሎ መርፌው ከእጇ ይወድቅ ጀመር። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። ጡንቻዎቿ ቀስ በቀስ እየከዷት እንደሚሄዱ፣ የሚያድናት መድኃኒትም እንደሌለ ነገራቸው። በሽታው ሳቅና ለቅሶን እንደሚያምታታም አስጠነቀቃቸው። "ከት ብላ ስትስቅ ደስ ብሏት እንዳይመስላችሁ" አለ አራሚውን እያየ።

ሱቋን ሲዘጉ እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የሱቁን ላፕቶፕ። ስለ ልብስ አቆራረጥ መጽሐፍ ልትጽፍ ቆርጣ ተነሥታ ነበር። ያስተማረቻቸው ሁሉ ትምህርቱን የወሰዱት ከእጇ ነው፤ እጇ ደግሞ ሊሄድ ነው። አልጋው ላይ ትራስ ደግፎ ያስቀምጣታል፣ ላፕቶፑን ከፊቷ ያደርግላታል፣ እሷም በቀረቻት አንዲት ጣት ፊደል በፊደል ትለቅማለች። ሲመሽ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የተጻፈውን ያርማል። ስለ ልኬትና ስለ ስፌት ምንም አይገባውም፤ የሚያየው ፊደሉን ነው። "አንተ እኮ ቀሚሱን ትተህ ቁልፉን ብቻ ነው የምታየው" ትለዋለች። ምላሷ መተሳሰር ጀምሮ ነበር፤ ሌላ ሰው ሁለቴ የሚያስደግማትን እሱ ግን በአንዴ ይሰማታል።

ችግሩ ላፕቶፑ ነበር። አርጅቷል። ለመነሣት ያቃስታል፣ ከተነሣም በኋላ በሥራ መሐል ድርቅ ይላል። ሲደርቅ ደግሞ ያልተቀመጠውን ይዞ ነው። አንድ ቀን ስለ አንገትጌ ከጠዋት ጀምራ የለቀመችውን ውሃ በላው። አለቀሰች። በሽታው ይሁን እሷ ራሷ፣ አራሚው መለየት አልቻለም።

ወንድሟ ስልክ የደወለው በዚያው ሰሞን ነው። የስልክ ማማ ጥገና ላይ ስለሚሠራ፣ ቁመቱም ስለሚያግዘው፣ በቤቱ "ምሰሶ" ነው የሚባለው። ይችን ላፕቶፕ ከመጀመሪያው ያስተካከለላትም እሱ ነበር።

"ሊኑክስ እንጫንባት ጋሼ" አለ። "ነፃ ሲስተም ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ቀላል ነው። ያለውን ነቅለን እሱን ስንተክልበት ነፍስ ይዘራባታል።"

"ስትነቅለው፣ ውስጡ ያለውስ?"

"እሱማ ይጠፋል። አስቀድመህ ፍላሽ ላይ ትገለብጣለህ።"

"ከነአካቴው ባይነሣስ?"

"ይነሣል።"

"አማርኛውስ? ፊደሉን ሳጥን ሳጥን አድርጎ ቢያመጣብን?"

"አማርኛ ያውቃል ጋሼ። ካንተ ባይበልጥም።"

ምሰሶ ሊኑክሱ የተዘጋጀበትን ፍላሽ በሰው ላከ፤ ግን ካለበት ሥራ እስኪመለስ እንዲጠብቁት አደራ አለ። አራሚው ለመጠበቅ ደስተኛ ነበር፤ ቢችል ዓመት ይጠብቅ ነበር። ሌት ተቀን የሚያስበው ይህንኑ ሆነ። ሻይ ሲጠጣ፣ ሚስቱን ሲያገላብጥ፣ በሐሳቡ አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ይጫንና ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይቀራል። ከሰፈሩ ኮምፒውተር ቤት ጎራ ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ "የልጅ ጨዋታ ነው" አለው፣ ሌላው "ዋይፋዩ እምቢ ካለህ አለቀልህ" አለው። ከሄደበት ብሶበት ተመለሰ።

እሷ ግን ጣቷን እያየች ነበር። ጠዋት ፊደሉን ሁለቴ ካልገፋች አልጻፍ ይላታል።

"ዛሬ አድርገው" አለችው።

"ወንድምሽ ይምጣ እንጂ። እኔ ምኑን አውቄው?"

"እሱ ሲመጣ ይቺ ጣት አትኖርም።" ደግሞም ጨመረች፤ "አንተ የሰውን መጽሐፍ ሁሉ ሳታበላሽ ኖረሃል። የሚስትህን ታበላሻለህ?"

በዚህ አባባሏ ተረታ።

ጠረጴዛውን አልጋዋ አጠገብ አስጠግቶ፣ እሷ እያየች ጀመረ። ፎቶዎቹን በራሱ ፍላሽ ላይ ገለበጠ። መጽሐፉ ስክሪኑ ላይ "አቆራረጥ" በሚል ስም ተቀምጧል፤ ሁልጊዜም የምትከፍተው ከዚያው ነው። ጥጉ ላይ ጠመም ያለች ትንሽ ቀስት አለችበት፤ አራሚው በየቀኑ ሲያያት የፋይሉ ጌጥ ትመስለው ነበር። ጎትቶ ፍላሹ ውስጥ ጨመረው። አመሉ ነውና አላመነም። ፍላሹን ከፍቶ፣ "አቆራረጥ"ን ከዚያው ከፍላሹ ላይ ተጫነው። መጽሐፉ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ገጽ አየ፣ የመጨረሻውን አየ። መሐል ላይ እጅጌና ብብት የሚጋጠሙበትን ምዕራፍ አየ። ሁሉም አለ።

"አለ?" አለችው።

"አለ። እስከ ነጥቡ።"

ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተው፤ በእጁም ዳበስ አደረገው። የምሰሶን ፍላሽ ሰካና ላፕቶፑን አስነሣ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ የውል ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ አለፈ። "ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል" የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሚስቱን አያት። በዓይኗ "ግፋ" አለችው። ገፋ።

መጫኑ እሱ እንደፈራው አልነበረም። አንድም ነገር አልተቃጠለም፣ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ አልቀረም፣ ዋይፋዩም እምቢ አላለም። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሣ ሳያቃስት ተነሣ። አማርኛው መጣ፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ነበር። አራሚው የሚሆነውን አጣ። ቆሞ እጁን አጨበጨበ፤ እሷንም ግንባሯን ሳማት። "ይኸው! ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ?" አለ።

ከዚያ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሰካ። ፎቶዎቹ አሉ። "አቆራረጥ"ም አለች። ተጫናት።

አልተከፈተችም። የምትጠቁምበት ፋይል እንደሌለ የሚገልጽ አጭር መልእክት ወጣ። ደግሞ ተጫናት። ፍላሹን ነቅሎ ሰካው። መጠኗን አየ፤ የአንዲት መስመር ያህል እንኳ ክብደት የላትም። ምሰሶ ጋ ደወለ።

"ጋሼ፣ ቀስት ነበረባት?" አለ ምሰሶ። "ቀስት ያለባት እኮ ፋይሉ ራሱ አይደለችም፤ ወደ ፋይሉ የምትወስድ ብቻ ናት። እትዬ እንዳትቸገር ብዬ እኔው ነኝ ያስቀመጥኳት።"

"ከፍላሹ ላይ ከፍቼው ነበር እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

"የከፈተችልህ ላፕቶፑ ውስጥ የነበረውን ነው። ያኔ ገና አልጠፋም ነበር።"

አራሚው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዞረ። ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች። ትኩር ብላ አየችው፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ፣ ትራሱ እስኪንሸራተት ሳቀች። ማቆም አልቻለችም። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ዓይኗ ግን የማይስቅ ዓይን ነበር። አራሚው አልጋው ሥር ተንበርክኮ እጇን ያዘ፤ ሳቁ እስኪወጣላት ከመጠበቅ ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

ሲያልፍላት "ተነሥ" አለችው። "ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።" ሌላ አላለችም። ብትሰድበው በወደደ ነበር።

ምሰሶ ሥራውን ጥሎ መጣ። ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም ለቀቀበት። ያገኘው አንድ የቆየ ቅጂ ብቻ ነው፤ መጽሐፉን ገና ስትጀምር የነበረ፣ ልኬት አወሳሰድና የቀላል ጉርድ አቆራረጥ ላይ የሚያበቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው ላይ አዲሱ ሲስተም ተኝቶበታል። አንገትጌውም፣ ሽንሽኑም፣ ገበሩም፣ እጅጌውም የሉም። ምሰሶ ያን ረጅም ቁመቱን አጥፎ እህቱ እግር ሥር ተቀመጠና "ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ" አለ። "የሁለታችሁም ነው፤ አትጣሉበት" አለችው። አልገባውም፤ አራሚው ተረጎመለት።

ጣቷ ብዙም አልቆየች። ስለዚህ በአፏ ልትነግረው፣ እሱ ሊጽፍ ተስማሙ። ላፕቶፑ አሁን እንደ ልብ ይሮጣል፤ የዘገዩት ሰዎቹ ናቸው። እሷ ትላለች፣ ትንፋሿን ታሰባስባለች፣ እሱ ይጽፋል።

"ብብቱ ጋ ስትደርሺ ጨርቁን አትጎትቺው" ትላለች።

"አትጎትቺው ነው ወይስ አትሳቢው?"

"ኧረ ሰውዬ! ጨርቁ እንዳይበላሽ እንጂ ለፈተና አይደለም!"

አንገትጌውን መልሰው ጨረሱ። ሽንሽኑን ግማሽ ድረስ አደረሱ። እጅጌውን ሲጀምሩ ድምፅዋ እየወፈረ፣ ቃሏ እየተጣበቀ ሄደ። ለሌላ ሰው ከጠፋች ቆይታለች፤ አሁን ለእሱም መጥፋት ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ቃል አለች። አልያዘውም። ደገመችለት። "ትከሻ?" አላት። በዓይኗ አይደለም አለች። "ስፌት? ትርፍ? እጥፋት?" የሚያውቃቸውን የልብስ ቃላት ሁሉ ደረደረ፤ ከማያውቃቸው አንዷ ነበረች። ፊደል እየቆጠረ በዓይኗ ሊያስመርጣት ሞከረ፤ ደክሟት ዓይኗን ከደነች። ከዚያ ያ ሳቅ መጣባት። አራሚው ላፕቶፑን ከደነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የሠሩትን ያነብላት ነበር እንጂ አልጻፉም። መጽሐፏን ወግ ባለው ድምፅ ያነብላታል፤ እሷም ጣራውን እያየች ትሰማለች። ዝናቡ ሲያበቃ ሞተች። ምሰሶ ነበረ፣ አራሚውም ነበረ፤ እጇን ይዟት ነበር።

ከቀብሩ ሳምንታት በኋላ ካስተማረቻቸው ሴቶች አንዷ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ሩቅ አገር ስለነበረች ዘግይታ ነው የሰማችው። ስለ መጽሐፉ ጠየቀችው። አራሚው ያለውን አትሞ ነበርና ወረቀቱን ሰጣት። እሷ ግን ቁጭ ብላ አላነበበችውም። ከቦርሳዋ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ወረቀቱን አጠገቡ አድርጋ፣ እያነበበች መቁረጥ ጀመረች። "እንደ እሷ አፍ ነው" አለች አንዴ። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ አራሚው ከወንበሩ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

እጅጌው ጋ ስትደርስ ቆመች። ወረቀቱን ገለበጠች፤ ጀርባው ባዶ ነው። የሚቀጥለውን ፈለገች። መቀሱን አፉን እንደከፈተ ይዛ ቀና ብላ አየችው።

"ከዚህ ቀጥሎስ ጋሼ?"

"አላውቅም" አለ አራሚው። "እሷን ነበር መጠየቅ።"