«ገባን» የማይሠራበት መስመር

ሰበታ ባለው ሸሚዝ ፋብሪካ የአራተኛው መስመር መሪ ቦታ ተከፍቶ ማስታወቂያው ሲለጠፍ፣ ያኔት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚሁ መስመር ኪስ ስትሰፋ ኖራለች። ከእሷ በኋላ የገቡ፣ ማሽን ላይ ክር ማስገባት እንኳ እሷ ያሳየቻቸው ልጆች ዛሬ አለቃ ሆነው በአጠገቧ ያልፋሉ። አሁንስ በዛ። ይህን ቦታ ሳታገኝ ላትመለስ ቆርጣለች። ማስታወቂያው ግን እሷን ለይቶ ለማስቀረት የተጻፈ ይመስል ነበር፦ «በቃል መመሪያ መስጠት የሚችል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የሌለበት።»

ያኔት አትሰማም። በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ተረፈ፣ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። የሰው ከንፈር አይታ ነገር ትረዳለች። ስትናገር ድምፅዋ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይጎረንናል፤ ሰው ዞር እያለ ስለሚያያት ብዙውን ጊዜ ዝም ማለት ትመርጣለች። ማስጠንቀቂያውስ ከየት መጣ? አንጀት የሚያሳርረው እሱ ነው።

የፋብሪካው ልማድ እንዲህ ነው። ጠዋት ማሽን ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛው ተሰልፎ ይቆማል። ሱፐርቫይዘሩ ወንዲ ፊቱን ወደ ሰሌዳ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አዙሮ የቀኑን ሥራ ይለፈልፋል። መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» ይላል። ሠላሳ ሁለት ሰው በአንድ አፍ «ገባን» ይላል። በቃ፣ ስብሰባው አለቀ። አምና አንድ ማክሰኞ ኪሱ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል ተባለ። አጠገቧ የምትቀመጠውና በእጅ ምልክት ሁሉን የምትነግራት ራቢአ ልጇ ታሞባት ቀርታ ነበር። ያኔት ምን ትወቅ? መቶ አርባ ሸሚዝ በድሮው ልክ ሰፍታ አስረከበች። በማግስቱ «የተሰጠሽን መመሪያ ባለማክበርሽ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ለማን ነው የተሰጠው፣ ለወንዲ ጀርባ? እንዲህም ብሎ ፍርድ አለ?

ማስታወቂያውን ባነበበች ቀን በቀጥታ የምርት ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳኜ ቢሮ ገባች። አቶ ዳኜ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰላምታ ተቀብለው፣ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ያንቺ ነገር እኮ ያሳዝነኛል፣ ያኔት» አሏት።

ይህቺን ቃል ያኔት ከሰው ከንፈር ላይ ገና ስትጀመር ታውቃታለች። ከዚያች ቃል ቀጥሎ ሥራ ሲሰጥ አይታ አታውቅም።

«ማዘኑ ይቅርብኝ» አለች። «ሦስት ጠዋት ይስጡኝ። የአራተኛውን መስመር ስብሰባ እኔ ልምራ። ካቃተኝ ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ ደጅዎን አልረግጥም።»

አቶ ዳኜ ግንባራቸውን አሸት አሸት አደረጉ። እምቢ ለማለት ምክንያት ፈለጉ፣ አጡ። «እሺ፣ ሦስት ጠዋት» አሉ።

በመጀመሪያው ጠዋት፣ ሰኞ፣ ያኔት ሰሌዳው ፊት ቆመች። አዲስ ትእዛዝ ገብቶ የኮሌታው፣ የእጅጌውና የኪሱ ልክ ተቀይሯል። ጻፈችው፤ ዞር ብላ ፊቷን ለሰው ሰጥታ አነበበችው። ድምፅዋ መሀል ላይ ሲሰበር ከኋላ ሁለት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ሲሸፍኑ አየች። ፊቷ ጋለ፤ አላቆመችም። ስትጨርስ ሠላሳ ሁለት አፍ እንደ ልማዱ ተከፈተና ተዘጋ። «ገባን» ማለታቸው ነው።

እሷ ዘንድ ግን ይህ ነገር አይሠራም። ያልሰማችውን እንዴት ትመን? ራሷን ነቀነቀች።

«አሳዩኝ» አለች። «እያንዳንዱ የሚሰፋውን ልክ ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሳየኝ።»

ጉርምርምታው በዓይን ይታይ ነበር። ወንዲ ሰዓቱን እየጠቆመ መጣ። «ሰዓት እየሄደ ነው ያኔት፣ ሕፃናት መሰሉሽ እንዴ?» አላት። በር ላይ የቆሙት አቶ ዳኜም ፊታቸውን አጠቆሩ። ያኔት ግን ጠመኔውን እያደለች ከሰው ሰው ሄደች።

አሥራ አንዱ ተሳስተው ምልክት አደረጉ። ጆሮ ያላቸው፣ አሁን «ገባን» ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች። አንዷ እጅጌውን በድሮው ልክ ምልክት አድርጋ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ኦቦ ጃራ ደግሞ ጠመኔውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ኦቦ ጃራ ዕድሜያቸው አምሳን የተጠጋ፣ የእርሻ መሬታቸውን ከተማው ከበላው ወዲህ ፋብሪካ የገቡ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ራቢአ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።

«ናፍ ሂንጋሌ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አልገባኝም ማለታቸው ነው። ሰባት ወር ሙሉ አጠገባቸው ያለውን ሰው እጅ እያዩ ሲሠሩ እንደኖሩ ጨመሩ። ራቢአ ይህንን ለያኔት በእጇ፣ ለሌላው በአማርኛ ነገረች።

ወንዲ ደነገጠ። «ታዲያ በየቀኑ ገባን የምትሉት ምንድን ነው?» አለ።

«አንተ እየቸኮልክ ገባችሁ ስትል፣ በሰው ፊት አልገባኝም ብሎ ማን ይዋረዳል?» አለችው እጅጌ የምትሰፋዋ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ሁሉም አንድ ቀን ሳይገባው «ገባን» ብሎ ያውቃልና።

በሁለተኛው ጠዋት የተሳሳቱት አራት ነበሩ፤ ራቢአም ሰሌዳው ላይ የኦሮምኛ ትርጉሙን ጨመረች። በሦስተኛው ጠዋት አንድም ሰው አልተሳሳተም፣ የጠመኔው ማሳያም ከአሥር ደቂቃ በላይ አልወሰደም። በየቀኑ ከዚያ መስመር ለእርማት ይመለስ የነበረው ሸሚዝ አርባ ያህል ነበር፤ የዚያን ቀን ስድስት ብቻ ተመለሰ።

ማታ ላይ፣ ሰርቪሱ ሳይነሳ፣ አቶ ዳኜ አስጠሯት።

«ቦታው ያንቺ ነው» አሉ። «ግን ለጊዜው በተጠባባቂነት ይሁን። ፋይልሽ ውስጥ ያ ደብዳቤ አለ፤ እሱ እያለ ቋሚ ማድረግ ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

ያኔት ሰው በተጠባባቂነት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቃለች። ንዴቱ መጣ።

«ሰኞ አሥራ አንድ ሰው ተሳሳተ» አለች፤ ድምፅዋ ይጎርንን ይቅጠን ግድ አልሰጣትም። «ለአሥራ አንዱ ደብዳቤ ይጻፋል?»

«ኧረ እነሱማ ምን ያድርጉ፣ አልገባቸውም እኮ።»

«እኔስ? እኔን ገባሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነበር? ስህተቱ የእኔ አልነበረም። ይኼ ይጻፍልኝ። በተጠባባቂነት አልፈልግም።»

አቶ ዳኜ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ገብቶኛል፣ ያኔት። እውነትሽን ነው፣ ገብቶኛል።»

ያኔት ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ያሳዩኝ» አለች።

አቶ ዳኜ መሳቢያውን ሳቡ፣ ፋይሏን አወጡ፣ ነጭ ወረቀት አስቀመጡና የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀሉ። አጎንብሰው ከላይ «ማስጠንቀቂያ ስለ መሰረዝ» ብለው ጻፉ። አገጫቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ አንድ ነገር ጠይቀዋት ነበር። ከንፈራቸው ስላልታያት አልመለሰችም። እጃቸው ቆመ። ቀና አሉና ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ ዓይኗን እያዩ፣ ቀስ ብለው ደገሙላት።

«ቀኑ ስንት ነው?»

ነገረቻቸው።