የዘበኛው ኮቴ

እትዬ ኮቴ የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ፊልም ላይ ሰው ሲራመድ የምትሰሙት ኮቴ የተዋናዩ እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ናቸው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው፣ ጣውላና አሸዋ እየረገጡ የሚያወጡት። "የመጋዘኑ ዘበኛ" የተባለው ፊልም ሦስቱም ክፍሎች የተራመዱት በእሳቸው እግር ነው። ያ ከበድ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ መሀል ላይ ድንገት ቆም የሚል ኮቴ ገና ሲሰማ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚያ አረማመድ ነበር የሚሄዱት።

ከዚያ የዘበኛውን ወጣትነት የሚተርኩ ሁለት ፊልሞች ተሠሩ። እንዴት ያሉ ጉዶች መሰሏችሁ! ዘበኛው ዘፈነ፣ ጣሪያ ለጣሪያ ዘለለ፤ ተመልካቹ ደግሞ ለእረፍት እንደወጣ ቀረ። ኮቴውን በኮምፒውተር ያቀነባበረችው የእትዬ ኮቴ የገዛ ልጃቸው ናት። ሥራዋን አሳምራ የምታውቅ የድምፅ ባለሙያ ናት፤ አለቆቿ ያዘዟትን ነበር የሠራችው። ጋዜጣው "ዘበኛው እግሩን የት ጣለው?" ብሎ የጻፈ ቀን ግን እህል አልቀመሰችም። እናት ጋዜጣውን አጥፈው አስቀመጡት።

አሁን ፊልም ሠሪው ድርጅት ተሸጧል። አዲሷ ባለቤት ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። እናትና ልጅን ኮቴው የሚቀረጽበት ክፍል ድረስ መጥታ ፊት ለፊት ነገረቻቸው።

"ስድስተኛውን ልሠራ ነው። ኮቴውን በሰባት ሰው ሞከርኩ፤ አንዱም እሱን አልሆነም። እትዬ፣ እርስዎ ይመለሱልኝ። ልጅዎን ግን ይቅርታ፣ ያንን ድምፅ ከሠራች ሰው ጋር መቀጠል አልችልም።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እትዬ ኮቴ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ አዲሷ ባለቤት ዞሩ።

"ስሚኝ ልጄ። የመጀመሪያው ሲቀረጽ የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ቤትሽ ተቀመጪ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው አረማመድ ይህችን ተሸክሜ የሄድኩት ነው። መሀል ላይ ቆም የምለውም ስትረግጠኝ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የሩዝ ከረጢት ሆዴ ላይ አስሬ ገባሁ።"

"እማ! ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አትነግሪኝም?" አለች ልጅቷ።

"እነዚያን ሁለቱን ስትሠሪ መጥተሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ኮራሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።"

አዲሷ ባለቤት ወዲያው ከረጢት እንዲመጣ አዘዘች። "ይግቡ እትዬ!"

"የእኔ ጉልበትማ አልቋል። የምትገባው እሷ ናት። የት እንደሚቆም ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ረጋጯ እኮ ራሷ ነበረች!"

ከሠራተኞች ምግብ ቤት ስምንት ኪሎ ሩዝ መጣ። እትዬ ኮቴ በገዛ ሻሻቸው ልጃቸው ሆድ ላይ አሰሩት። ልጅቷ ጣውላው ላይ ወጣች፤ ስክሪኑ በራ፤ ዘበኛው ያለ ድምፅ መራመድ ጀመረ።

"እንደ ሰዓት አትቁጠሪው!" አሉ እናት። "ወገብሽን ያዥ። ወደ ኋላ ዘንበል በይ። አትቸኩዪ፣ ተሸክመሻል እኮ። ይኸው... አሁን ረገጠችሽ፤ ቁሚ!"

ልጅቷ ቆመች። እጇ ሳታስበው ሆዷ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች፤ ከበድ ያለ፣ ዝግ ያለ ኮቴ ክፍሉን ሞላው።

"መጣ" አለች ባለቤቷ። "ዘበኛው መጣ።"

የእትዬ ኮቴ አንጀት ቅቤ ጠጣ። በሕይወታቸው ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦላቸዋል፤ እንደዚያን ቀን ግን ኮርተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቷ ውል ይዛ ተመለሰች። "በፊልሙ መጨረሻ፣ ኮቴ በሚለው ሥር የሁለታችሁንም ስም አስገባለሁ" አለች።

"አስገቢ" አሉ እትዬ ኮቴ፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው። "አሮጌዎቹን እንደገና ስታሳዪ ደግሞ የመጀመሪያውን አስተካክይልኝ። የእኔ ስም ብቻ ነው ያለበት፤ ያን ጊዜም ሁለት ነበርን።"