ለተርቦች የተሰጠ ቀነ ገደብ

በገዳማችን ወጥ ቤት እንቁላል አይገባም፣ ወተት አይገባም፣ ማር እንኳ ከንብ የተነጠቀ ነው ተብሎ አይገባም። እኔ ቹንዪን የዚህ ወጥ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ። መነኩሲት አይደለሁም፤ ጠጉሬም አልተላጨም፣ ምላሴም አልተገራም። ትንኝ ክንዴ ላይ ካረፈች በጥፊ ነው የማሰናብታት። እመምኔቷ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ተራራው ያዞራሉ፤ እኔም የአኩሪ አተር አይብ የሚመስለውን ቶፉዬን መቁረጤን እቀጥላለሁ።

የመጣሁት ለቡድሃ ብዬ አይደለም፣ ለልጄ ብዬ ነው። ሩይሊንግን ብቻዬን፣ ጂያዪ ከተማ ውስጥ ኑድል እየሸጥኩ አሳደግኋት። ትምህርቷን እንደጨረሰች "እማ፣ ልመነኩስ ነው" አለችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ ክፍሏ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ደግሞ እገባለሁ። ማንም ያልተኛበትን አልጋ አንስቼ መልሼ አነጥፋለሁ። በመጨረሻ ሱቄን ዘጋሁና ተከትያት ወጣሁ። አሁን ስሟ ጂንሁይ ነው። በገዳሙ ደንብ እናቷም ብሆን "መምህር" ብዬ በአንቱታ ነው የምጠራት። ዘጠኝ ወር የተሸከሙትን ልጅ "ሩዝ ይጨመርልዎ?" ማለት ምን እንደሚመስል እስቲ ሞክሩትና ንገሩኝ።

በመከር ወቅት ተርቦች በደወሉ ቤት ጣሪያ ሥር ጎጆ ሠሩ። መጀመሪያ ብርቱካን የምታህል ነበረች፤ ዞር ብለን ስናይ ዱባ አከለች። ደወሉን ጠዋትና ማታ የምትደውለው ደግሞ ልጄ ናት።

ልጅ ሳለች ሻይ ማሳ ውስጥ አንድ ተርብ ነድፏት ነበር። ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ሐኪም ቤት ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሐኪሙ "ሰውነቷ መርዙን አይችልም፤ ከእንግዲህ ከተነደፈች እኔ ዘንድ ሳትደርስ ታልቃለች" አለኝ። ከገዳማችን እስከ ሐኪም ቤት ያለው መንገድ ደግሞ ጤነኛውንም ሰው የሚያስታውክ ጠመዝማዛ ነው።

ስለዚህ እመምኔቷ ፊት ቀረብኩ። "የእሳት አደጋ ሰዎች ይጠሩና ያንሱት" አልኩ።

"መጀመሪያ ይነገራቸዋል" አሉኝ።

የገዳሙ ልማድ ነው። ሩዝ ውስጥ ጉንዳን ይግባ፣ ምሰሶ ላይ ምስጥ ይውጣ፣ አስቀድሞ ደጃፉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይነበብለታል፤ ሦስት ቀን ይሰጠዋል። ካልሄደ እመምኔቷ ያስነሡታል፣ ኃጢአቱንም በራሳቸው አንገት ያስራሉ።

"እመምኔት፣ ተርብ ደግሞ ሲነገረው ይሰማል?"

"አንቺስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

መነኮሳቱ ሳቁ። "ባለፈው ዓመት ጉንዳኖቹ ተነግሯቸው ሄደዋል" አለች አንዷ። "ሩዙ ስላለቀ ነዋ!" አልኳት። ግን የምታነበው ማን እንደሆነች ስሰማ ሳቄም ቁጣዬም ጠፋ። ከተርቦቹ ጋር ደጅ የምትጋራው ደወል ደዋይዋ ስለሆነች፣ አንባቢዋም እሷው ናት ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ለወጥ የሚሆን የቀርከሃ ቡቃያ ስትልጥልኝ አገኘኋትና ለመንኳት።

"መምህር፣ ሌላ ሰው ያንብብልዎ።"

"እኔ እነሱን እፈራለሁ፣ እነሱም እኔን ይፈራሉ። ሌላው ሰው መሀላችን ምን ጥልቅ አድርጎት?"

"ሐኪሙ ያለውን ረሱት?"

"አልረሳሁም፣ እማ። ግን የፈራነውን ሁሉ ከገደልን ማን ይተርፋል?"

"እርስዎ ይተርፉልኛላ!" አልኳት። ቀርከሃዋን መላጥ ቀጠለች። ይህች ልጅ ከድሮም ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ታውቅበታለች።

የወለደ አልጸደቀም ይባላል። እኔም ለመጽደቅ አልመጣሁም። ጓሮ ወጣሁና የእህቴ ልጅ ቦካይ ጋ ደወልኩ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው።

"ቦካይዬ፣ የተርብ ጎጆ ላይ ፍሊት ብነፋ ምን ይለኛል?"

"አክስቴ፣ አብደሻል? ሰው በአቅራቢያው ቆሞ በቀን እንዳትነኪው! አንዷ ከተጨፈለቀች ሽታዋ ሌሎቹን ይጠራል፤ ሁሉም ይወርዳሉ።"

"ብቻዬን ብሆንስ?"

"ብቻሽን ትሞቻለሽ። ስሚኝ፣ ጥቁር የለበሰ ካዩ ድብ መጣብን ብለው ያብዳሉ። ነጭ ልበሺ፣ አትጩኺ፣ አትሩጪ፣ ቀስ ብለሽ ራቂ። ገዳሙ ይጠራንና ሁሉም ቤታቸው ሲገቡ አመሻሽ ላይ መጥተን እናነሳዋለን።"

እኔ ግን ወደ ሱቅ ወርጄ ፍሊት ገዛሁና የሩዝ ጎተራው ውስጥ ደበቅኩት። እሷ አንብባ ስትመለስ፣ ደጁ ጭር ሲል፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ልነፋው ነው። ቦካይ ያለኝን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር "ለምን ጠየቅሽው?" ሊሉኝ ነው።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ እመምኔቷና መነኮሳቱ ግራጫ ቀሚሳቸውን ለብሰው ግቢው ጥግ ቆሙ። እኔ ነጭ ሽርጤን አሸርጬ፣ ፍሊቱን በሽርጡ ሥር ይዤ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ልጄ ከጸሎት ቤት ወጣች።

ጥቁር ለብሳለች። ለቡድሃ ሲሰግዱ የሚለብሱትን፣ እጅጌው መሬት ሊነካ የሚደርሰውን ጥቁር ካባ። አስባበት ነው፤ ትልቅ ነገር ልትነግራቸው ስለሆነ ለተርቦቹ ክብር ለብሳለች።

ልጮህ አፌን ከፈትኩና የቦካይ ቃል መልሶ ዘጋው። እሷ እስከ ጎጆው ሥር ሄዳ እጆቿን አጋጠመች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፣ ወረቀቷን ዘረጋች።

"በዚህ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ተርቦች ሆይ፣ ቤት መሥራታችሁን አንከለክልም። ነገር ግን ይህ ደጅ የብዙዎች መተላለፊያ ነው..."

ከጎጆው አፍ ሁለት ሦስት ሆነው ወጡ። ቀጥሎ ሌሎች። ጎጆው ላይ እየተራመዱ ወደ ታች ያያሉ። አንዷ ወረደችና ጥቁሩ እጅጌ ላይ አረፈች። የልጄ ድምፅ ተንቀጠቀጠ፤ ማንበብ ግን አላቆመችም። ተርቧ በእጅጌው ወደ ትከሻዋ ወጣች፣ ከትከሻዋ ወደ ኮሌታዋ።

እጄ ፍሊቱን ጨብጧል። አንድ ጊዜ ብጫነው ያቺ ተርብ ትሞታለች፣ ሌሎቹም ልጄ ላይ ይወርዳሉ። በሕይወቴ ለመግደል እንደዚያ የቋመጥኩበት ቀን የለም። ፍሊቱን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሽርጤን ፈታሁና እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

ሽርጡን ከጀርባዋ በኩል ካባዋ ላይ አለበስኳት። ተርቧ ግን አንገቷ ሥር ደርሳለች። መዳፌን በአንገቷና በተርቧ መሀል ቀስ አድርጌ አስገባሁ። ተርቧ ቆመች። አሸተተችኝ መሰለኝ። መዳፌ ላይ ወጣችና ነደፈችኝ።

እሳት ነው። ክንዴን ዘልቆ ብብቴ ገባ። ጣቶቼ ሊጨመደዱ ፈለጉ፤ ከልክዬ ዘርግቼ ያዝኳቸው። ብጨፈልቃት ትጠራቸዋለች። ደግማ ነደፈችኝ። እንባዬ እየወረደ፣ በሌላው እጄ ልጄን አቅፌ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ፣ እያንዳንዷን እርምጃ ዓመት እያደረግኩ ከደወሉ ቤት ራቅን። ወጥ ቤቱ በር ስንደርስ እጄን ዘረጋሁ፤ ተርቧ ተነስታ ሄደች።

ልጄን ወደ ውስጥ ገፍትሬ አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ እጇን አገላበጥኩ። ምንም የለም። ያኔ ምላሴ ተፈታ።

"አንቺ ሩይሊንግ! አንቺ ድንጋይ ራስ! ልትገድዪኝ ነው? ማን አለኝ ካንቺ ሌላ? ማን አለኝ?"

መነኮሳቱ ሁሉ ሰሙ። ልጄ ያበጠ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፣ "እማ፣ እማ" ትላለች።

እመምኔቷ ፍሊቱን ከሣሩ ላይ አንስተው መጡ። "ይዘሽ ሳለ ለምን አልነፋሽውም?"

"አንዷ ከሞተች ሌሎቹ ይመጣሉ። ቦካይ ነግሮኛል። ለርኅራኄ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል፤ ብችል ቆልቼ እበላት ነበር።"

"ጥቁር እንደሚጠሉስ ነግሮሽ ነበር?"

አቀረቀርኩ።

"ያን ካባ ስትለብስ እኔም አይቼ አላስወለቅኳትም" አሉ እመምኔቷ። "ሦስት ቀኑ ይቅር። ቦካይን ጥሪው፤ ዛሬ ያንሱት። ኃጢአቱ የኔ ነው።" ፍሊቱንም መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት፤ ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ እነቦካይ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ጎጆውን በከረጢት ከተው ወሰዱት። ልጄ ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው እስኪወርዱ ድረስ በግራጫ ቀሚሷ ከሩቅ ቆማ ጸለየች። ቦካይ ሲሄድ "ውጭ የዋሉ ጥቂቶች ነገ ይመጣሉ። ጎጆ የሌላቸው ምንም አያመጡም፤ ያኔ ፍሊትሽን ንፊባቸው" አለኝና ሳቀ።

በማግስቱ ከማታው ደወል በፊት፣ ያበጠች እጄን አንግቼ፣ በደኅናው እጄ ፍሊቱን ይዤ ወጣሁ። እውነትም መጥተዋል። ጎጆው የነበረበት ቦታ ላይ ክብ ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ይዞሩታል፣ ያርፉበታል፣ ይነሳሉ፣ ትንሽ ሄደው ተመልሰው ያንኑ ቦታ ያሸታሉ።

ፍሊቱን አነሳሁ። ጣቴ ግን አልጫን አለኝ። ያንን መዞር አውቀዋለሁ። መግባት፣ መውጣት፣ ደግሞ መግባት፤ ማንም ያልተኛበትን አልጋ ማንጠፍ።

"ቤታችሁ እዚህ የለም" አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "ወስደውታል። አትፈልጉት። እኔም ፈልጌ ነበር..."

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ልጄ ደወሉን ልትደውል መጥታለች።

"እማ፣ ማንን ነው የምታናግሪው?"

ዞር አላልኩም።

"መምህር፣ ደወሉን ትንሽ ያቆዩልኝ። ገና ነግሬያቸው አልጨረስኩም።"